ለአንድ ቀን ሮም፦ ከአራት ኪሎ ለሚሄድ ተማሪ ምን ትመክራላችሁ?

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የሲቪል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረውም አራት ኪሎ ከወላጆቼ ጋር ነው። በመጪው ሐምሌ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ቦሎኛ የምሄድበት ዕድል ገጥሞኛል። የመመለሻ በረራዬ ከሮም ስለሆነ፣ ከቦሎኛ በማለዳ ባቡር ተነሥቼ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ቴርሚኒ ከሚባለው ዋና ጣቢያ እደርሳለሁ፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መሄድ ያለብኝ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ሮምን የማይበት ጊዜ ከዐሥር ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ቀኑ ሐሙስ ሲሆን፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደኝን ባቡር ጨምሮ ለሁሉም ነገር የመደብኩት 60 ዩሮ ነው።

ያነጋገርኳቸው ጓደኞቼ ሁለት ዓይነት ምክር ሰጥተውኛል። አንዳንዶቹ ኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየም ካልታዩ ሮም ታየ አይባልም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሁለቱም በወረፋ ቀኔን እንደሚበሉብኝ፣ ይልቁንም በእግሬ እየዞርኩ ከተማውን ብመለከት እንደሚሻል ይናገራሉ። አባቴ በበኩሉ አንድ ነገር ብቻ አዞኛል፤ አበበ ቢቂላ ውድድሩን የጨረሰበትን ቦታ ፈልጌ ፎቶግራፍ እንዳመጣለት ነው። ከዚያ በተረፈ እንደ ሙያዬ የጥንት ግንባታ ማየት እፈልጋለሁ። ከተማውን የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የፒያሳ አሮጌ ተማሪ

ልጄ፣ እኔ በዚያች ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬባታለሁ። ጊዜው ብዙ ቢርቅም ሮም በአንድና በሁለት ትውልድ ቦታዋን የምትቀይር ከተማ ስላልሆነች የማውቀው አሁንም ይጠቅምህ ይሆናል። በመጀመሪያ ሻንጣህን እዚያው ቴርሚኒ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ አስቀምጥ። በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሻንጣ እየጎተቱ ከተማ ማየት አይቻልም፤ የጎማዎቹ ድምፅ ብቻ ያሰለችሃል።

ከጣቢያው ወጥተህ የምትቆምበት ሰፊ አደባባይ ስሙ ፒያሳ ዴ ቺንኰቸንቶ ነው፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ በየቀኑ በዚያ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሕዝብ አብዛኛው የሚያውቅ አይመስለኝም። በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው። ከአደባባዩ ጥቂት ዕልፍ ብሎ፣ ወደ ሬፑብሊካ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው አትክልት ሥፍራ ውስጥ፣ ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ታገኛለህ። ዛሬ ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሞ የምናየው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተዘርፎ የተቀመጠው እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስም በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው በዚሁ ቦታ ነው። በእኛ ዘንድ ታሪኩ ሲወራ የገደላቸው ሰዎች ቁጥር በየተራኪው ይጨምራል፤ የተረጋገጠው ግን አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ መጸለዩ፣ ሊያስነሡት በመጡት ላይ ሰይፍ አንሥቶ ሰዎች ማቁሰሉ፣ ከዚያም ተይዞ አገሩን ሳያይ በሲሲሊ ማቆያ ውስጥ መሞቱ ነው። ይህ ራሱ አይበቃም እንዴ? ለማንኛውም ቦታው ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ስለሆነ ከቀንህ የሚወስድብህ ነገር የለም።

ከዚያ በሜትሮ ቢ መስመር ኮሎሴዎ ጣቢያ ውረድ። ከጣቢያው በር ስትወጣ ሕንጻው ፊት ለፊትህ ተገትሮ ነው የምታገኘው። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያኖስ ጀምሮት ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 የመረቀው የጥንት የትግል ትርኢት ማሳያ ነው። ውስጡን ልግባ ካልክ ቲኬቱን ቀደም ብለህ በኢንተርኔት ግዛ፤ ስምህ ቲኬቱ ላይ ስለሚጻፍ ፓስፖርትህን ይጠይቁሃል። ለወጣቶች የሚደረገው ከፍተኛ ቅናሽ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ብቻ ስለሆነ የተማሪነት መታወቂያህን ብታሳይ ፈገግታ እንጂ ቅናሽ አታገኝም። እኔ ብሆን በ60 ዩሮ ገንዘብና በዐሥር ሰዓት ጊዜ ውጩን በደንብ ዞሬ አይቼ አልፍ ነበር።

ስለ ቡና ሁለት ቃል ልጨምር። ባንኮኒው ላይ ቆመህ ስትጠጣና ተቀምጠህ ስትጠጣ ዋጋው አንድ አይደለም፤ ቆመህ ጠጣ። ማኪያቶ ብለህ ስታዝዝም የሚመጣልህ የእኛ ማኪያቶ ሳይሆን በሁለት ጉንጭ የሚያልቅ፣ ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ነው። ውኃ አትግዛ፤ በየመንገዱ ዳር አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያላቸው የብረት ምንጮች ቀን ከሌት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ያፈስሳሉ። አንድ ነገር ደግሞ አስታውስ፤ እኛ ፒያሳ ስንል አንድ ሰፈራችንን ነው፣ እዚያ ግን አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነው። መንገድ ስትጠይቅ ሙሉ ስሙን ካልጠራህ ማንም ሊረዳህ አይችልም።

መልስ፦ የታሪክ መምህርት

ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ነው። እኔ ግን ወንድማችን ከሰዓት በፊት ያለውን ጊዜውን በናቮና አደባባይና ፓንቴዎን በሚባለው ባለ ጉልላት የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ቢያሳልፍ እመርጣለሁ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

ናቮና ጥንት የንጉሠ ነገሥት ዶሚጥያኖስ የሩጫ ሜዳ ነበረ፤ የዛሬው አደባባይም የሜዳውን ሞላላ ቅርጽ እንደያዘ ነው። በመካከሉ ቀራጺው በርኒኒ እ.ኤ.አ. በ1651 የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ምንጭ አለ። አራቱ ወንዞች በአራት ግዙፍ ሰዎች ተመስለዋል፤ ጋንጀስ፣ ዳኑብ፣ በደቡብ አሜሪካ ያለው ላ ፕላታ እና ዓባይ። ሦስቱ ፊታቸው ይታያል። ዓባይ ግን ራሱን በጨርቅ ተከናንቧል፤ መነሻው አይታወቅም ነበርና ነው። ጎብኚው ሁሉ ይህን ሰምቶ «ደስ የሚል ምሳሌ ነው» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን እንደዚያ ብለን ማለፍ የለብንም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን ያየው እ.ኤ.አ. በ1618 ነው፤ ሐውልቱ ከመጠረቡ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ከዚህም ይብስ፣ በርኒኒ ድንጋዩን በሚያስጠርብባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ ከአደባባዩ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የአማራው መካነ ሥላሴ ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ተቀምጠው ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ለሌላ ጉዳይ ሮም በመጣ ጊዜ አግኝቷቸው ከእርሳቸው ዘንድ ግዕዝና አማርኛ ተምሯል፤ ኋላ ስለ ኢትዮጵያ ለጻፈው ታሪክ ዋና ምንጩም እርሳቸው ሆነዋል። የዓባይን ፊት ለመግለጥ አንድ ሰው ልኮ አባን ማስጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር ብዬ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ቀልድ ቢመስልም ቀልድ ብቻ አይደለም።

አባ ጎርጎርዮስ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ይባላል። ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሰጡት ቤተ ክርስቲያን ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 አሳትመው ያወጡት እዚያ ሆነው ነበር፤ በመጨረሻውም አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ፣ እነርሱም ማተም ስለማይችሉ ለተፈጠረው ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ በዚያው የሐበሾችን መዝሙር ሰምቶ፣ ፊደላችንንም ተምሮ፣ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳትሟል። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ ነው። ቦታው ግን በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ዘው ተብሎ አይገባበትም፤ ወንድማችን በር ላይ ቢመለስ ቅር እንዳይለው አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግባት ግን ነጻ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ረቡዕ ጧት ጳጳሱ ሕዝብ በሚያነጋግሩበት ሰዓት ስለሚዘጋ ሐሙስ መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው።

ፓንቴዎንን ከናቮና በአምስት ደቂቃ ትደርስበታለህ። ስለ ግንባታው ለሲቪል መሐንዲስ የማስተምረው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ላመልክትህ፤ ስትገባ በግራ በኩል ቀና ብለህ ከፈለግህ የንጉሥ ኡምቤርቶ 1ኛን መቃብር ታገኛለህ። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ሲፈረም፣ በ1888 ዓ.ም. ጦሩ ዓድዋ ላይ ድል ሲመታ በጣሊያን ዙፋን ላይ የነበረው እርሱ ነው። የታላቁ ሠዓሊ የራፋኤል መቃብርም እዚያው አለ፤ ሰው የሚሰበሰበውም እርሱ ዘንድ ነው።

መልስ፦ መንገደኛ

ሁለቱንም አስተያየቶች በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሥጋት አለኝ። ይህ ወጣት ምናልባት በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚያያትን ከተማ «የእኛ ምን አለ?» በሚል ብቻ ከዞራት የሮምን ሮምነት ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ዶጋሊን፣ ውጫሌንና ዓድዋን እዚሁ ሆነን ማንበብ እንችላለን፤ የኮሎሲየምን ውስጥ ግን እዚሁ ሆነን ማየት አንችልም። እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ የወለሉ ንጣፍ ስለሌለ አራዊቱና ሰዎቹ ይወጡባቸው የነበሩት የምድር ቤት ክፍሎች ከላይ ሆነው ወለል ብለው ይታያሉ። ለመሐንዲስ ይህን አትይ ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው?

ሌላው የሐምሌ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ጃንጥላና ካፖርት የሚያዝበት ወር ስለሆነ የዚያን አገር ሙቀት እዚህ ሆኖ መገመት ያስቸግራል። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ጥላ ያለበት ቦታ ሁን። ጫማህ ደግሞ አዲስ እንዳይሆን።

መልስ፦ የፒያሳ አሮጌ ተማሪ

አቶ መንገደኛ፣ ስለ ኮሎሲየም ውስጥ ያሉት እውነት ነው፤ በገንዘብና በጊዜ እንጂ በዋጋው አልተከራከርኩም። ነገር ግን «የእኛን እዚሁ እናነባለን» በሚለው አልስማማም። ከኮሎሲየም ወደ ቬኔዚያ አደባባይ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ላይ፣ በማክሴንቲዩስ ባዚሊካ ግድግዳ፣ የሮም ግዛት እንዴት እየሰፋ እንደሄደ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተለጥፈዋል። ሙሶሊኒ ያስለጠፋቸው ናቸው። አምስተኛ ካርታም ነበረ፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ የፋሺስቱን «ግዛት» የሚያሳይ። ከጦርነቱ በኋላ አወረዱት። አራቱን አይቶ አምስተኛው የት እንደነበረ የሚጠይቅ ሰው ሮምን ከማየት አልጎደለም፤ እንዲያውም ጠለቅ አድርጎ አይቷል ባይ ነኝ። መንገዱ ራሱም የጥንቱን ከተማ ሁለት ላይ ሰንጥቆ እ.ኤ.አ. በ1932 የተመረቀው ለወታደራዊ ሰልፍ ተብሎ ነው።

ለልጄ የምጨምረው የአባትህን ትእዛዝ ለመጨረሻው ሰዓት እንድታቆየው ብቻ ነው። በሜትሮ ቢ ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ውረድ። ከጣቢያው ስትወጣ የምታየው ትልቅ ነጭ ሕንጻ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ መጀመሪያ የታቀደው ግን ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው በእርሱ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ በሳን ግሬጎርዮ መንገድ ቀጥ ብለህ ዐሥር ደቂቃ ያህል ብትራመድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ ትደርሳለህ። አበበም የመጨረሻውን የሮጠው በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ውድድሩን የጨረሰውም ቅስቱ ዘንድ ነው።

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎ ልጅ (ከጉዞው በኋላ)

ሁላችሁንም እያመሰገንኩ፣ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ስለሆነኝ ቀኔን እንዴት እንዳሳለፍኩ ልንገራችሁ። ሌላ ሰው ሲጠይቅም ይጠቅመው ይሆናል።

ባቡሩ ዐርባ ደቂቃ ዘግይቶ ስለደረሰ ዕቅዴ ገና ከጅምሩ ተዛባ። የዕቃ ማስቀመጫው ሰልፍ ሌላ ግማሽ ሰዓት ወሰደብኝ። የዶጋሊን ሐውልት ያገኘሁት ሁለት ጊዜ አልፌው ከሄድኩ በኋላ ነው። ዙሪያው ዛፍ ነው፤ ሥሩ ሁለት ሰዎች ካርቶን አንጥፈው ተኝተው ነበር። የሞቱት ወታደሮች ስም ተጽፎ አየሁ። አንበሳው የት ላይ ተቀምጦ እንደነበረ ለመገመት ሞክሬ ነበር፤ ለገሃር በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር የማየውን አንበሳ በዚያ ጠባብ ቦታ አስቤ ማስቀመጥ ግን አቃተኝ።

ኮሎሲየምን በተመለከተ የጋሼን ምክር ተቀብዬ ከውጭ ብቻ ዞርኩት። አሁን ሳስበው ግን አቶ መንገደኛ ልክ ነበሩ፤ መግባት ነበረብኝ። በቅስቶቹ መካከል አሻግሬ ውስጡን ሳይ የቆጨኝ ቁጭት እስካሁን አለቀቀኝም። ያተረፍኩትን ገንዘብ ምን ላይ እንዳዋልኩት ደግሞ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ እዚያው አካባቢ አንድ ሰው «ወንድሜ፣ አፍሪካዊ ነህ» ብሎ በእጄ ላይ ክር ካሰረልኝ በኋላ «ስጦታ ነው» ያለውን ክር በ5 ዩሮ አስከፈለኝ። መርካቶን የሚያውቅ ልጅ በዚህ መታለሉ ያሳፍራል።

ካርታዎቹን አይቻለሁ። አራት ናቸው፤ ከአራተኛው ቀጥሎ ባዶ ግድግዳ አለ።

ለእኔ የቀኑ ዋና ነገር ፓንቴዎን ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል፤ የከፈልኩት 5 ዩሮ ግን አልቆጨኝም። በትምህርት ቤት ስሙን በሁለት መስመር ነበር የማውቀው። የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከወለሉ እስከ አናቱ ያለው ከፍታም ያው ነው። ዕድሜው ወደ 1900 ዓመት ይጠጋል። እኛ በግንባታ ቦታ ኮንክሪቱን «አርማታ» ብረቱን «ፌሮ» የምንለው ከጣሊያንኛ ወስደን ነው፤ አርማታ ማለት በቋንቋው «በብረት የታጠቀ» ማለት ነው። የፓንቴዎን ጉልላት ግን አንድም ፌሮ የለበትም። ሮማውያኑ ክብደቱን ያቃለሉት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ጠጠሩን እየቀየሩ ነው፤ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ እዚህ ብሎኬት ለማምረት የምንጠቀምበትን ዓይነት ፑሚስ። ውፍረቱም ከሥሩ 6 ሜትር ያህል ሆኖ ወደ አናቱ እየሳሳ ይሄዳል። አናቱ ላይ ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ በቀጥታ ይገባል። ወለሉን ዝቅ ብዬ ስመለከት በእብነ በረዱ መካከል ትንንሽ ቀዳዳዎች አየሁ፤ ወለሉም ውኃው ወደ እነርሱ እንዲወርድ በመጠኑ ተዳፋት ተደርጓል። አንዱን ቀዳዳ በጣቴ ስለካ ጠባቂው በጣሊያንኛ ተቆጣኝ። ጣሪያው ላይ ያለው ክፍተት የሚያስገባው የፀሐይ ክብ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጬ አየሁት። የኡምቤርቶ መቃብር እንዳሉኝ በግራ በኩል ነው። ለሥነ ሥርዓቱ ያህል ፊቱ ቆምኩ፤ ከዚያ ወደ ጉልላቱ ተመለስኩ።

ናቮና የደረስኩት ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ነው። መምህርት ያሉት ባይነግሩኝ ኖሮ ዓባይን ከሌሎቹ ለይቼ አላውቀውም ነበር። ጨርቁ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ራሱን በሙሉ ሸፍኖታል፤ በአንድ እጁ ጨርቁን ይዞታል። አጠገቤ የቆመች አስጎብኚ ለቡድኗ «መነሻው ስላልታወቀ ነው» ስትል ሰማኋት። ስለ ፓኤዝና ስለ አባ ጎርጎርዮስ ልነግራት ፈልጌ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጀመርኩ፤ በትዕግሥት ካዳመጠችኝ በኋላ የመነኩሴውን ስም በማስታወሻዋ ላይ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። በፊደላችን ጻፍኩላት፤ ከሥሩም በላቲን።

ቫቲካን እንደተነገረኝ ሆነ። የጸጥታ ፍተሻው ሰልፍ በፀሐይ ላይ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፈ። ባዚሊካውን አይቼ ስወጣ በግራ በኩል ካለው በር ሄጄ ጠባቂውን ስለ ቅዱስ እስጢፋኖስ ጠየቅሁት። በትሕትና «አይቻልም» አለኝ፤ ግንቡን አሻግሬ ከማየት በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። ትሬቪ የሚባለውን ዝነኛ የውኃ ምንጭ በአውቶቡስ መስኮት እንኳ አላየሁትም፤ ጊዜው አልቆ ነበር።

ቺርኮ ማሲሞ የደረስኩት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ ነው። ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ መኪና ከየአቅጣጫው ይዞረዋል፤ 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ድንጋይ እዚያ ለ66 ዓመት እንደቆመ የሚያስታውስ ነገር በዓይኔ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል እንዲመለስ ቢያዝዝም የመጣው በ1997 ዓ.ም. እንደሆነ፣ አክሱም ላይ የቆመውም በ2000 ዓ.ም. እንደሆነ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግረኝ ነበር። ጫማዬ አዲስ ስለነበር፣ አዎ አቶ መንገደኛ፣ ተረከዜ ተልጦ ነበርና በሳን ግሬጎርዮ መንገድ ዳር ተቀምጬ አወለቅሁት። እግሬን ድንጋዩ ላይ ሳሳርፍ አቃጠለኝና መልሼ አነሣሁት። ያ ውድድር ለምን አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ እንዳለቀ ያን ጊዜ ገባኝ። የአበበ ድል ለጥቂት የተገኘ አልነበረም፤ ሞሮኮአዊው ራዲ የገባው 25 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሰዓቱም 2፡15፡16.2 ሲሆን በወቅቱ ከነበረው የዓለም ምርጥ ሰዓት የተሻለው በአንድ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ነው።

ቅስቱ በብረት አጥር ስለተከበበ ከሥሩ መቆም አይቻልም። ፎቶግራፉን አንዲት ጃፓናዊት አነሣችልኝ፤ እኔን መሐል አድርጋ የቅስቱን አናት ቆርጣዋለች።

መልስ፦ የታሪክ መምህርት

እንኳን በሰላም ተመለስክ። ቀኑን ብትቆጥረው ደስ ይልሃል፤ አበበ የገባው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ ለእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። የገባበት ቅስት ባለቤት ቆስጠንጢኖስም መስቀል አደባባይ ደመራ የምናበራላት የእሌኒ ልጅ ነው። ከቴርሚኒ ብዙም የማይርቅ፣ በእርስዋ ቤተ መንግሥት ላይ የተሠራ ሳንታ ክሮቼ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እሌኒ ከኢየሩሳሌም አመጣችው የሚባል የመስቀሉ ግማድ ያለው እዚያ ነው። ሳልነግርህ መቅረቴ አሁን ቆጨኝ።

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎ ልጅ

መምህርት፣ ለአባቴ ቀኑን ነገርኩት። «አውቃለሁ፤ ዜናውን በሬዲዮ የሰማነው ለእንቁጣጣሽ ችቦ አብርተን ስንመለስ ነው» አለኝ። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ፎቶግራፉን አሳጥቦ ቡፌው ላይ አቁሞታል፤ የቅስቱ አናት መቆረጡን ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይናገራል።